የእናታችን ርብቃ ጌጥ ከአፍንጫ ወደ ጆሮ እንዴት ሄደ?

ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ባለቀሰው ሙሾ (2ኛ ሳሙ. 1) የከተማችን የአሽቀሎን ስምና የእስራኤል ሴቶች ልጆች የወርቅ ጌጥ አብረው ተነሥተዋል። የሮም ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ሄሮኒሞስ ይህን ጌጥ በላቲን «ኦርናሜንታ» ብሎታል፤ ጣሊያኖችም ዛሬ «ኦርናሜንቶ» ይላሉ። ምንጩ «ኦርናሬ» ነው፤ ይኸውም ማሟላት፣ ማስጌጥ ማለት ነው። በዚህ ላይ ነቀፌታ የለንም።

ነቀፌታችን «ኔዜም» በሚለው ቃል ላይ ነው። ኔዜም በዕብራይስጥ የጆሮም የአፍንጫም ጌጥ ነው። በዘጸአት 32 የጆሮ ነው፤ በዘፍጥረት 24፥47 ግን በርብቃ አፍንጫ ላይ እንደተደረገ በግልጽ ተጽፏል። ከ386 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤተ ልሔም ተቀምጦ የነበረው ሄሮኒሞስ «ኢናውሬስ» ብሎ ተረጐመው፤ «ኢን» በ፣ «አውሪስ» ጆሮ ማለት ነው። አፍንጫዋን ትቶ ፊቷን ለማስጌጥ አንጠለጠልሁት አሰኘው። ክብደቱንም ከግማሽ ሰቅል ወደ ሁለት ሰቅል አሳደገው! በኢሳይያስ 3፥21 ደግሞ የአፍንጫውን ጌጥ ወደ ግንባር አወጣው። አላወቀም እንዳንል፣ በምሳሌ 11፥22 በእሪያ አፍንጫ ያለውን ኔዜም በአፍንጫው ትቶታል። ለእሪያ የተፈቀደው ለእናታችን ተከለከለ። የሮም አንባቢው ነውር እንዳይመስለው ብሎ ይሆናል እንላለን።

ጥፋቱ ግን የእርሱ ብቻ አይደለም። ከእርሱ በፊት የነበረው ግሪኩም የጆሮ ጌጥ ብሎታል፤ እኛ ከቄሶቻችን እግር ሥር የተማርነው የግእዝ ኦሪትም ከግሪክ የተመለሰ ነው። ጣሊያንኛው «ኦሬኪኖ» ጆሮን በስሙ ውስጥ ይዟል፤ እንዲህ ያለ ቃል ለርብቃ ጌጥ አይሆንም።

ይህን ያነሣነው በእኛው የዕብራይስጥ ገጽ ያው ነገር ስለሚታይ ነው። እናቶቻችን በሱዳን መንገድ ከእግራቸው አልቦ፣ ከአንገታቸው ድሪ፣ ከጆሮአቸው ጉትቻ እያወጡ ሸጠው ልጆቻቸውን አብልተዋል። በዕብራይስጡ ሁሉም «ታክሺቲም» ይባልና ያልፋል። የልጅ ልጅ አያቱ ምን እንደ ሸጠች ከዚህ ሊያውቅ አይችልም። ለአልቦ እንኳ በኢሳይያስ 3፥18 «ዐካሲም» የሚል ቃል ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር። ተርጓሚዎቻችን በሚመጣው እትም የጌጡን አማርኛ ስም እንዳለ ይጻፉልን፤ የት የሰውነት ክፍል ላይ እንደሚደረግም ከጎኑ ያክሉበት።