ድንኳኑ የት ተተከለ?

አንትሮፖሎጂን የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ አድርጎ የመረጠ ወጣት ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ለመሆኑ ተምረኸው ምን ልትሆን ነው?» ጥያቄው አይከፋም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነውና። መልሱን ግን ተማሪው ከሚያነባቸው መጻሕፍት አንዱን ገልጦ መፈለግ የሚሻል ይመስለኛል። እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 ያሳተመውን «ኑዌር»ን እንውሰድ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዚህ ትምህርት ጀማሪዎች በየአገሩ ሲያነቡት የኖሩት መጽሐፍ ነው።

የመጽሐፉ ጥያቄ ግልጽ ነው። ንጉሥ፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት የሌለው ሕዝብ ሳይተላለቅ እንዴት ይኖራል? ደራሲው ከከብቱ ይጀምራል። በክረምት ከፍ ካለው መንደር፣ በበጋ ከወንዝ ዳሩ ሰፈር የሚያመላልሳቸው፣ ለወንዱ ስም እስከ መሆን የሚደርሰው ከብቱ ነው። ከዚያ ወደ ዘር ሐረጉ ይገባል። ወንድማማቾች ይጣላሉ፤ የአጎት ልጅ ሲመጣባቸው ይገጥማሉ፤ ባዕድ ሲነሣ ደግሞ ሁሉም ባንድ ይቆማሉ። ሰው የገደለ ሰው የነብር ለምድ ከለበሰው ሰው ቤት ይሸሸጋል። ባለ ለምዱ ማንንም ማስገደድ አይችልም፤ በከብት ካሳ ደሙን ለማብረድ ይሸመግላል እንጂ። ይህ ክፍል ዛሬም ሲነበብ ያስደንቃል። ሥልጣን ማለት የግድ ጠመንጃ አለመሆኑን በዚህ ያህል ጥራት ያሳዩ መጻሕፍት ጥቂት ናቸው።

ችግሩ ያለው በመግቢያውና በሐተታው መካከል ነው። ጥናቱን እንዲካሄድ የጠየቀው የእንግሊዝና የግብፅ ሱዳን መንግሥት ነበር። ያ መንግሥት ከጥቂት ዓመታት በፊት ኑዌሮችን በጦር አውሮፕላን ደብድቧል። ደራሲው በ1930 ድንኳኑን ተክሎ ሳለ ደግሞ አንድ ማለዳ ወታደሮች ሰፈሩን ከበው ሁለት ነቢያትን ፈለጉ፤ ሰዎችንም በመያዣነት ወሰዱ። ይህን ራሱ ደራሲው ጽፎታል። አንድ ኑዌር ስሙንና ጎሳውን ሲጠየቅ «ለምን ፈለግኸው?» እያለ እንዳደከመውም ይነግረናል፤ ነገሩን እንደ ቀልድ አድርጎ። የዘር ሐረግ መጠየቅ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ አንባቢ ግን ለመሳቅ ይቸግረዋል። ሰውየው ሥራውን በሚገባ የሠራ ይመስለኛል!

ሐተታው ሲጀመር መንግሥቱም አውሮፕላኑም ከገጹ ይጠፋሉ። ኑዌሮች የማንም እጅ ያልነካቸው፣ ከዘመን ውጭ የሚኖሩ ሆነው ይቀርባሉ። አሜሪካዊው ሬናቶ ሮሳልዶ በ1986 ይህን ጉድለት ነቅሶ አሳይቷል። ሻሮን ሃቺንሰንም በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ ገንዘቡን፣ ጦርነቱንና መንግሥቱን ወደ ኑዌሮች ሕይወት መልሳ አስገብታለች።

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ኑዌሮች ከድንበሩ ወዲህም፣ በጋምቤላ፣ ይኖራሉ። ራሱ ኢቫንስ ፕሪቻርድም በ1940 እና በ1941 በዚያው ድንበር የአኙዋክ ተዋጊዎችን እየመራ ጣሊያንን ወግቷል። ምሁሩና መኮንኑ አንድ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

ታዲያ ይህን መጽሐፍ ለፈተና ብቻ የሚያነብ ተማሪ «መንግሥት የሌለበት ሥርዓት» የሚለውን ሐሳብ ሸምድዶ ያልፋል። መጽሐፉን ቅኝ ገዥ የጻፈው ነው ብሎ የሚጥለውም ከዚያ አይሻልም፤ ስለ ደም ካሳና ስለ ከብት የተጻፈውን ከነቁም ነገሩ ይጥላልና። የሚጠቀመው መግቢያውንና ሐተታውን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነበው ነው። እርሱ ስለ አንድ ሕዝብ የተጻፈ ነገር ሲቀርብለት፣ የጥናት ወረቀትም ሆነ የጋዜጣ ዘገባ፣ ድንኳኑ የት እንደ ተተከለ፣ ወጪውን ማን እንደ ቻለ፣ አልናገርም ያለውም ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ቤተሰቡ «ምን ልትሆን ነው?» ሲለው ይህን ቢመልስ አያፍርም። ጋዜጠኛም፣ ዳኛም፣ የጤና ባለሙያም ቢሆን፣ ያለዚህ ጥያቄ የሰው ጉዳይ ይዞ መቀመጥ አደገኛ ነው።