ያልተገናኙ ሁለት ምዕራፎች፦ ስለ አላፊ ከረንትና ስለ ባለሦስት ፌዝ ኃይል ትምህርት የቀረበ ሂስ

ቻርልስ አሌክሳንደርና ማቲው ሳዲኩ ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው «የኤሌክትሪክ ዑደቶች መሠረታውያን» የተሰኘው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በልዩ ልዩ አገሮች የምሕንድስና ተማሪዎች የሚገለገሉበት ነው። የአቀራረቡ ግልጽነትና ደረጃ በደረጃ የሚያስኬደው የስሌት ዘዴው ያስመሰግኑታል። ይሁን እንጂ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለሚማር፣ ወይም ከጣራ ገዳም በታች በአዲስ ዘመን ከተማ ለሚያድግ ወጣት የሚሰጠው ዕውቀት ምን ያህል የተሟላ እንደሆነ መመርመር ያሻል።

መጽሐፉ በ7ኛውና በ8ኛው ምዕራፍ አላፊውን ከረንት ያስተምራል፤ ይኸውም ማብሪያው ሲበራ ወይም ሲጠፋ ከረንቱ እስኪረጋ ድረስ የሚያሳየው ለውጥ ነው። የኃይል ምንጩ ቀጥተኛ ከረንት ሲሆን፣ ለተግባር የቀረቡትም የፎቶግራፍ መብራትና የመኪና ሞተር ማስነሻ ብልጭታን የመሳሰሉ ናቸው። በ12ኛው ምዕራፍ ደግሞ ባለሦስት ፌዝ ኃይል ይቀርባል፤ በዚህም ከረንቱ አስቀድሞ እንደረጋ ተቆጥሮ ይሰላል። በሁለቱ መካከል ድልድይ የለም።

በደቡብ ጎንደር ግን ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙት በአንድ ዕቃ ላይ ነው። በደጋው የእህል ወፍጮ ወይም በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ባለሦስት ፌዝ ሞተር ሲነሣ፣ አላፊው ከረንት በሦስቱም ሽቦዎች ይታያል። ተማሪው ሊረዳው የሚገባው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው።

በኢንዳክተር ውስጥ የሚያልፍ ከረንት በቅጽበት አይዘልም። ስለዚህ ማብሪያው ሲበራ ተለዋዋጩን ከረንት ከዜሮ የሚያስጀምር፣ እየከሰመ የሚሄድ ተጨማሪ ከረንት ይፈጠራል። በአንድ ፌዝ ዑደት ተለዋዋጩ ከረንት ዜሮ በሚሆንበት ቅጽበት ቢበራ ተጨማሪው ከረንት አይኖርም። በሦስት ፌዝ ግን ይህ ፈጽሞ አይቻልም፤ ሦስቱ ከረንቶች በ120 ዲግሪ ስለሚራራቁ በአንድ ጊዜ ዜሮ አይሆኑም። አንዱ ዜሮ ቢሆን ሁለቱ ከጫፋቸው 86.6 በመቶ ላይ ይገኛሉ። የሦስቱ ተጨማሪ ከረንቶች ድምር ዜሮ ቢሆንም እያንዳንዱ ሽቦ የየራሱን ይሸከማል። ለምሳሌ በየፌዙ 2 ኦምና 0.02 ሄንሪ ቢኖር የጊዜ ቋሚው 10 ሚሊሰከንድ ነው፤ በ50 ኸርዝ ከሁለት ተኩል ዙር በኋላ ተጨማሪው ከረንት ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል።

ይህ እየከሰመ የሚሄደው ከረንት፣ ሞተሩ ፍጥነቱን እስኪይዝ ድረስ ከሚስበው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከሚደርሰው የማስነሻ ከረንት ጋር ሊምታታ አይገባም። ስታር-ዴልታ ማስነሻ የኋለኛውን ወደ አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፤ የሞተሩንም የማስነሻ ጉልበት በዚያው ልክ ያሳንሳል። ከስታር ወደ ዴልታ ሲሸጋገር ግን አዲስ አላፊ ከረንት ይፈጠራል። ይህን ያልለየ ባለሙያ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ከልኩ በላይ በሆነ ሌላ ይተካል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ፌዝ ቢቋረጥ ሞተሩ በሁለቱ ሲጎተት ይቃጠላል። ጉዳቱ የወፍጮ ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን እህሉን ተሸክሞ የመጣው ገበሬም ነው።

ሌላው ጉድለት የቤት ውስጥ መስመር ዝርጋታን ይመለከታል። መጽሐፉ የሚገልጸው የአሜሪካን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። በኢትዮጵያ ግን የሚሠራበት 50 ኸርዝ ሲሆን፣ ቤቶች በተለምዶ ከአንድ ፌዝና ከኒውትራል 220 ቮልት ያገኛሉ፤ በሁለት ፌዞች መካከል ያለውም 380 ቮልት ነው።

ደራሲያኑ ለአገራቸው ተማሪ መጻፋቸው አያስወቅሳቸውም። ክፍተቱን የመሙላት ኃላፊነት የመምህሩና የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ ነው። ከ12ኛው ምዕራፍ በኋላ ወደ 7ኛው ተመልሶ የአንድን ወፍጮ ሞተር አነሣሥ በሦስቱም ሽቦዎች ማስላትና በቤተ ሙከራ መለካት፣ ብዙ ወጪ ሳያስከትል ሁለቱን ምዕራፎች ያገናኛል።