ለበረዶ የተጠረበ ደረት

በአሜሪካዋ ኮነቲከት ግዛት፣ የሁሳቶኒክ ወንዝ በስትራትፎርድና በሚልፎርድ ከተሞች መካከል አልፎ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ሰፊ የጨው ረግረግ አለ። ታኅሣሥ አልቆ ጥር ሲገባ ወደ መሀል አገር ያሉት ኩሬዎችና ሐይቆች በበረዶ ይዘጋሉ። የባሕር ውሃ ግን ጨው ስላለበት ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ገደማ ካልወረደ አይረጋም፤ በዚያ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላውና የሚጎድለው ባሕር ረግረጉን ስለሚያናውጠው ክፍት ቦይ አይጠፋም። በየኩሬው ተበትኖ የከረመው ዳክዬ ሁሉ ታዲያ ወደዚህ ይወርዳል። ብርዱ ሲጠና ሙቀቱን ለመጠበቅ አብዝቶ መብላት ስላለበት ቀኑን ሙሉ ይንቀሳቀሳል። የአደኑ ወቅት ሊዘጋ ሲቃረብ አዳኙ የሚያገኘው ትልቁ ዕድል ይኸው ነው።

ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። መደበኛው የዳክዬ አደን ከጃንዋሪ 31፣ በእኛ ከጥር 23፣ እንዳያልፍ የፌዴራሉ ሕግ ይከለክላል። በዚያ የመጨረሻ ሳምንት ሰማይ ላይ የሚታየው ዳክዬ ከካናዳ ተነሥቶ እስከዚህ ድረስ በየረግረጉ የተተኮሰበት ነው። የዋሁ በጥቅምትና በኅዳር አልቋል። የቀረው ከላይ ሆኖ ይዞራል፣ ያያል፣ እንደገና ይዞራል። በተለይ ይህን የባሕር ዳርቻ የሚወደው ጥቁር ዳክዬ በጥርጣሬው የታወቀ ነው። አዳኙም ዘዴውን ይለውጣል። በፉጨት መጣራቱን ይቀንሳል። በመጸው የሚበሩትን ለማባበል በርካታ የእንጨት ዳክዬ ውሃ ላይ ይበትን የነበረው ሰው አሁን ጥቂቱን ብቻ፣ ያውም ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያስቀምጣል፤ በዚህ ጊዜ ብዙዎቹ ዳክዬዎች ተጣምረዋልና። ዳክዬ የሚያርፈው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ስለሆነ የማረፊያ ቦታ ክፍት ይተውለታል። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው።

ብዙ መሀል መካከለኛ ሥራ ይደበቃል። ጥቂት ሲሆን ግን እያንዳንዱ የእንጨት ዳክዬ ብቻውን ይመረመራል። የዚህን ጥበብ ልክ የሚያወጣው ሰብሳቢው ወይም የጨረታ ቤቱ ሳይሆን ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ከላይ የሚዞረው ወፍ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። እንደ እኔ ዓይን ለዚያ ወፍ በሚገባ ተዘጋጅተው የተሠሩት ደግሞ የስትራትፎርዶቹ ናቸው።

የስትራትፎርድን ስልት የጀመረው አልበርት ሌይንግ (እ.ኤ.አ. 1811–1886) ነው። ቤንጃሚን ሆምስ (1843–1912) ተከተለው፤ ቻርልስ ዊለር (1872–1949)፣ ሰው ሁሉ «ሻንግ» የሚለው፣ ከፍጻሜ አደረሰው። የሦስቱንም ሥራ ከጎን ሲያዩት መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ደረቱ ነው። በሌሎች ቦታዎች የተሠራ የእንጨት ዳክዬ ደረቱ ከውሃው ጠርዝ ላይ ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ ወይም ዝቅ ብሎ ይጀምራል። የስትራትፎርዱ ግን ከውሃው ከፍ ብሎ ወደ ፊት ይወጣል፤ ከሥሩ ተሸርሽሮ፣ ከላይ ሞልቶ፣ ልክ እንደ ጀልባ አፍንጫ። ለማያውቅ ሰው የጠራቢው ኩራት ይመስላል። እውነቱ ግን ከበረዶ ጋር የተያያዘ ነው። በብርድ ጊዜ ወንዙ ላይ የሚንሳፈፈው ጠንካራ ቅጠል በረዶ ብቻ አይደለም፤ ገና ያልረጋ፣ ከውሃ ጋር የተላቆጠ ድፍድፍ በረዶም አለ። ይህ ድፍድፍ ከባሕሩ ሙላት ጋር እየተገፋ መጥቶ መልህቅ በያዘው የእንጨት ዳክዬ ደረት ላይ ይከመራል። ደረቱ ዝቅ ያለ ከሆነ በረዶው ወደ ላይ ይወጣና አንገቱ ሥር ይጋገራል፤ ክብደቱ ፊቱን ወደ ታች ይደፋዋል፣ ጭራው ይነሣል። ከላይ ለሚያየው ጥቁር ዳክዬ ያ የሞተ ወፍ ነው። የሌይንግ ደረት ግን ድፍድፉ ላይ ይወጣበታል፤ በረዶው ከሥሩና ከጎኑ ያልፋል።

በዚህች ነገር ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ደረቱን ከመጠን በላይ ቢያወጣው ዳክዬ መምሰሉ ይቀርና ቅርጽ አልባ ቋጠሮ ይሆናል። ቢያሳንሰው በረዶው ይረታዋል። በሕይወት ያለ ዳክዬ በብርድ ጊዜ ላባውን ነፍቶ፣ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብስቦ፣ ደረቱን ሞልቶ ይቀመጣል። ሌይንግ የተጠቀመው ይህንኑ ነው። በረዶውን የሚያሸንፈው መስመርና የበረደው ወፍ መስመር አንድ ሆነው ተገኙ። የጀልባ ሠሪው ብልሃት በሠዓሊው ዓይን ውስጥ ተሰውሯል፤ ስፌቱ አይታይም። እንዲህ ያለውን ሥራ ሳይ እጁ ይባረክ ከማለት በቀር ቃል ያጥረኛል።

የውስጡ ሥራም ከደረቱ አያንስም። ገላው ከሁለት ቁራጭ ለስላሳ እንጨት የተገጠመ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ውስጡ ተቦርቡሯል። ቦርባሪው እጁ ከዘነጋ እንጨቱ ይበሳል፣ ከፈራ ደግሞ ወፉ ይከብዳል። ሌይንግ ግጣሙን የያዘው በመዳብ ሚስማር ነው፤ የብረት ሚስማር በጨው ውሃ ይዝጋል፣ ዝገቱም እንጨቱን ያበሰብሳል። ሆዱ ላይ ስሙን በትኩስ ብረት አትሟል። ከሥሩ የተመታው እርሳስ ሚዛን ነው፦ ከጀልባ ሲወረወር በጀርባው ቢወድቅ እንኳ ራሱን ገልብጦ ይቃናል። በጥቅምት ይህ ምቾት ነው። በጥር ግን ጣቱ የደነዘዘ ሰው የተገለበጠውን ሁሉ እየዞረ በእጁ ከማቃናት ያድነዋል፤ በዚያ ብርድ እጅን ደጋግሞ ውሃ ውስጥ መክተት ለሕይወትም ያሰጋል።

ወደ ራሱ እንምጣ። ዳክዬ ሲፈራ አንገቱን ያስረዝማል። አንገቱ የረዘመ የእንጨት ዳክዬ እንግዲህ ለሚያልፈው ሁሉ «እዚህ አደጋ አለ» ሲል ይውላል። ሌይንግና ተከታዮቹ ራሱን ወደ ደረቱ ዝቅ አደረጉት፤ አንዳንዱንም ምንቃሩን ከጀርባው ላባ ውስጥ ወሽቆ እንደተኛ ቀረጹት። የተኛ ወፍ የሚናገረው ሰላም መሆኑን ነው። በሥራም ብልህ ነው፤ ቀጭን ምንቃር ጀልባ ውስጥ ሲጋጭ ቀድሞ የሚሰበር ነገር ነውና፣ ጀርባው ላይ ከተኛ የሚሰበር የለም። በሰሜን፣ በሜን ግዛት፣ የመብራት ማማ ጠባቂ የነበረው ገስ ዊልሰን ለዚሁ ለመሰበር ችግር ሌላ መልስ ነበረው፦ የአንገቱን ሥር ገላው ውስጥ ጎድጉዶ ቀበረው። ጠንካራ ሥራ ነው፤ ከማማሩ ግን ጥንካሬው ይበልጥብኛል።

የቀለሙ ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም፣ ምክንያቱም ጥቁር ዳክዬ ቀለም የሌለው ይመስላል። ገላው ጥቁር ቡናማ፣ ራሱ ፈዘዝ ያለ፣ በቀጫጭን ጭረት የተሞላ። ስትራትፎርዶች መጀመሪያ ፈዛዛውን ይቀባሉ፣ በላዩ ጠቆር ያለውን ይደርባሉ፣ ሳይደርቅ በሹል ነገር ይጭሩታል፤ የሥረኛው ቀለም በጭረቱ በኩል ብቅ ይላል። ጭረቱ ከምንቃሩ ሥር ተነሥቶ ጉንጩን እየዞረ ወደ ማጅራቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ላባው በእውነት የሚተኛበት አቅጣጫ ነው። አንድም መስመር ስንፍና የለበትም። ሌላው ነገር ማንጸባረቅ ነው። የጥር ፀሐይ ዝቅ ብላ በአግድም ስለምትመታ የሚያብለጨልጭ ቀለም ከሩቅ ያጋልጣል፤ ላባ የሚመስለው የደበዘዘ ቀለም ነው። ውርጭ ሲያርፍበት ደግሞ ማንኛውም የእንጨት ዳክዬ ይነጣል፤ እዚህ ላይ ጠራቢው የሚያደርገው የለም፣ አዳኙ ተነሥቶ ይጠርገው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈለገው በኋላ በመጣው ክልከላ ጭምር ነው። ከ1918ቱ የስደተኛ ወፎች ሕግ በኋላ ዳክዬን ለገበያ ማደን ቀረ። በ1935 ደግሞ በሕይወት ያለን ዳክዬ በገመድ አስሮ ሌላውን ማባበል ተከለከለ። እስከዚያ ድረስ እውነተኛው ወፍ ሲጮህና ውሃ ሲረጭ የእንጨቱ ጉድለት ይሸፈን ነበር። ዊለር ታዲያ ይህ ሁሉ በተለወጠበት ዘመን የሠራ ሰው ነው። መተዳደሪያው ሌላ ነበር፦ ኦይስተር የሚባለውን ቅርፊታም የባሕር እንስሳ የሚያረባ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ፣ የግዛቱ ምክር ቤት አባል፣ የካርቱን ሠዓሊም ነበር። የእንጨት ዳክዬዎቹን አንዱንም አልሸጠም። ወይ ራሱ አደነባቸው ወይ ለወዳጆቹ ሰጣቸው። የሁሳቶኒክ አፍ ረግረግ ዛሬ በስሙ ይጠራል፣ አደንም ይፈቀድበታል።

ጥበቡ ራሱ ከእነዚህ ሰዎች እጅግ ይቀድማል። በ1924 በኔቫዳ በረሃ፣ ላቭሎክ በተባለ ዋሻ፣ 11 የዳክዬ ማባበያዎች ተቆፍረው ወጡ፤ ዕድሜያቸው 2,000 ዓመት ገደማ ነው። የተሠሩት ውሃ ዳር ከሚበቅል ተክል ተጎንጉነው ሲሆን፣ ያለቁት ቀለም ተቀብተው ላባ ተሰክቶባቸዋል። ተክሉ የእኛ ደንገል ዘመድ ነው። የጣና ታንኳ ሠሪ ቢያያቸው አጥብቆ የማሰሩንና ጫፉን አጥፎ የመቆልመሙን ነገር ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

ዳክዬ በማዕዳችን የለም፤ አደኑም ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። ሆኖም ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖረው ወገናችን የዚህ ጥበብ አንዱ መዲና ቅርብ ነው። ሳስኩዌሃና ወንዝ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሚገባበት በሃቨር ደ ግሬስ፣ ሜሪላንድ፣ የእንጨት ዳክዬ ሙዚየም አለ። የከተማዋ ስመ ጥር ጠራቢ ማዲሰን ሚቸል (1901–1993) የቀብር አስፈጻሚ ነበር፤ የሚወደው እንጨት ነጭ ሴዳር የጥዳችን ዘመድ ነው። ወደ ደቡብ፣ በክሪስፊልድ፣ ሌምና ስቲቭ ዋርድ የተባሉ ወንድማማቾች ፀጉር እያስተካከሉ ዳክዬ ይጠርቡ ነበር፤ ስቲቭ ይጠርባል፣ ሌም ይቀባል። የዋርዶቹ ወፎች አንገት ሲዞር ከሌላው ሁሉ ይለያል፤ ስም ሲጠሩት ዘወር ያለ ያህል። የሚቸል ደግሞ ቀለል ያለ፣ የማያጌጥ፣ በሺህ የሚቆጠር የሥራ ወፍ ነው። የኢሊኖዩ ቻርልስ ፐርዲውም ሲጠርብ የምትቀባለት ሚስቱ ኤድና ነበረች፤ የእርሷ ስም ግን ከእርሱ ኋላ ይነሣል፣ ተገቢ አይደለም።

ዋጋውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። በ2007 የማሳቹሴትሱ ኤልመር ክሮውል ሁለት ሥራዎች እያንዳንዳቸው በ1.13 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። አንዱ ላባውን በምንቃሩ የሚያበጥር ዳክዬ፣ ሌላው የተኛ ዝይ ነው። ክሮውል ታላቅ ጠራቢ መሆኑን አልክድም፣ የላባ አቀባቡም አቻ የለውም። ነገር ግን እነዚያን ሁለቱን ከአንድ የስትራትፎርድ ጥቁር ዳክዬ ጋር አስቀምጡና ድፍድፍ በረዶ ልቀቁባቸው ብባል የማንን እንደምመርጥ አውቃለሁ።

ጥሩ የሆኑትን ማየት የሚፈልግ በቬርሞንት ግዛት ወደ ሼልበርን ሙዚየም ይሂድ፤ አርክቴክቱ ጆኤል ባርበር የሰበሰባቸው እዚያ ናቸው። ባርበር በ1934 ስለ እነርሱ መጽሐፍ አሳትሞ ዕቃ ቤት ይጣሉ የነበሩትን እንጨቶች ሰው እንደ ቅርጻ ቅርጽ እንዲያያቸው ካደረጉት አንዱ ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ጎንበስ ይበልና ዓይኑን ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ያስተካክል፤ ደረቱ ከጠረጴዛው የሚለይበት ክፍተት የሚታየው ከዚያ ነው። ብዙ ሙዚየሞች ግን አንድ ነገር ይነፍጉናል፤ ጀርባውን እንጂ ሆዱን አያሳዩም። የሌይንግ ማኅተም፣ የእርሳሱ አቀማመጥ፣ የመልህቁ ገመድ የታሰረበት ቦታ፣ ሁሉም ያለው ከሥር ነው። አንዲት መስታወት ከሥሩ ቢያኖሩ ምን ነበረበት?