ኤለን ቴሪ፦ በውዳሴ የተሸፈነች አሳቢ

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በእንግሊዝ መድረክ ላይ እንደ ኤለን ቴሪ የተወደደች ተዋናይት አልነበረችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ልክ፣ እንደ እርሷ አሳቢነቷ የተዘነጋባት ማግኘትም ይከብዳል። የዘመኑ ሐያስያን ስለ ደም ግባቷ፣ ስለ ድምጿ ለዛና ስለ አረማመዷ ብዙ ጽፈዋል፤ ይህን ሁሉ ግን አብሯት እንደተወለደ ጸጋ ነበር የሚቆጥሩት። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያም እዚህ ላይ ነው፤ ውዳሴው ራሱ የተዋናይቷን የአእምሮ ሥራ ጋርዶታል። ዋና ማስረጃዎቼ በ1908 (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመችው ግለ ታሪኳና በስተርጅናዋ በሼክስፒር ላይ ያደረገቻቸው ንግግሮች ናቸው።

ችሎታዋ እንዲያው የተፈጥሮ ስጦታ ነው ለሚል ሰው ልጅነቷ በቂ መልስ ይሰጣል። በ1847 ኮቬንትሪ ውስጥ የተወለደችው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ከሚጫወቱ ተዋንያን ወላጆች ነው። በ1856 በለንደኑ ፕሪንሰስ ቴአትር፣ በቻርልስ ኪን ቡድን ውስጥ፣ በሼክስፒር "የክረምት ተረት" ትንሹን ልዑል ማሚሊየስን ሆና ስትወጣ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የኪን ባለቤት አናባቢዎችን አጥርቶ ማውጣትን፣ ትንፋሽ በአፍንጫ መሳብን አስጠናቻት። በሌላ የሼክስፒር ተውኔት ፑክን በምትጫወትበት አንድ ምሽት የመድረኩ ወለል መዝጊያ የእግሯን ጣት ይዞ ሰበረው። ሴትዮዋ ተውኔቱን ከጨረስሽ ደመወዝሽን እጥፍ አደርገዋለሁ አለቻት፤ ልጅቷም እንደምንም ጨረሰች፤ ከ15 ሽልንግ ወደ 30 ከፍ አለላት። ይህን ስትተርክ አታማርርም። ለእኔ ግን ታሪኩ የሚያሳየው ሙያው በሰውነቷ ላይ ምን ያህል ቀደም ብሎ፣ ምን ያህልም በጥብቅ እንደተቀረጸ ነው።

ጋብቻዎቿን ብዙዎች ስላተቱባቸው እኔ በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። 17 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሯት የ46 ዓመቱን ሠዓሊ ጆርጅ ፍሬድሪክ ዋትስን አገባች፤ ትዳሩ ዓመት እንኳ አልቆየም። በ1868 መድረኩን ትታ ከአርክቴክቱ ኤድዋርድ ጎድዊን ጋር ገጠር ገባች፤ ኤዲትንና ኋላ በቴአትር ንድፈ ሐሳብ ስመ ጥር የሆነውን ኤድዋርድ ጎርደን ክሬግን ወለደች። ግለ ታሪኩ ጎድዊንን በሥነ ጥበብ ሰውነቱ ያነሣዋል፤ የልጆቿ አባት መሆኑን ግን በግልጽ አይናገርም። ይህን ዝምታ የዘመኑ ይሉኝታ ብቻ አድርጎ ማየት ይቻላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሕዝብ ፊቷን፣ ድምጿን፣ ልብሷን እንደ ራሱ ንብረት በሚያይበት ዘመን፣ አንድ ነገር ለራሷ ያስቀረችው ሆን ብላ ነው እላለሁ። በ1874 ደራሲው ቻርልስ ሪድ ወደ መድረክ እንድትመለስ ሲጠይቃት በሳምንት 40 ፓውንድ ብላ ዋጋዋን እንደጠራች ግን ሳትሸሽግ ትነግረናለች። የፍቅሯን ሸሽጋ የደመወዟን መግለጧ፣ በምን መታወቅ እንደፈለገች ይጠቁማል።

ወደ ሥራዋ ስንመጣ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ኦፊልያ ነች። በ1878 መጨረሻ ተዋናዩ ሄንሪ ኧርቪንግ የላይሲየም ቴአትርን ተረክቦ፣ እኛ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የምናውቀውን "ሐምሌት"ን ሲያዘጋጅ፣ ኦፊልያን ለእርሷ ሰጣት። ቴሪ አስቀድማ የእብዶች መኖሪያ ሄዳ ሕሙማኑን ተመለከተች። አብዛኞቹ ትወና የሚያበዙ መሰሏትና ምንም ሳትማር ልትወጣ ስትል ግድግዳ ላይ ያፈጠጠች አንዲት ልጅ አየች። ፊቷን ለማየት በልጅቷና በግድግዳው መካከል ገባች፤ ፊቱ ባዶ ነበር፣ ሰውነቷ ግን አንድ ነገር ይጠብቃል። ድንገት ልጅቷ እጆቿን ወደ ላይ ወርውራ ክፍሉን በሩጫ አቋረጠችው። ቴሪ ከዚህ የደረሰችበት መደምደሚያ ተዋናይ አስቀድሞ በምናቡ መፍጠር፣ ከዚያ በኋላ መመልከት አለበት የሚል ነው። የሚጠብቀውን የማያውቅ ዓይን፣ ያቺን ልጅ ከሌሎቹ ለይቶ ባላያት ነበር። ይህ የትወና ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ያውም ስታኒስላቭስኪ መጻሕፍቱን ሳያሳትም በፊት የተጻፈ።

ልብሱንም እንዲሁ አስባበት ነበር። መጀመሪያ ሮዝማ፣ ቀጥሎ ወርቃማ፣ በእብደቷ ትዕይንት ጥቁር ልትለብስ ወሰነች። የኧርቪንግ አማካሪ የነበረው አንጋፋ ተዋናይ ዋልተር ሌሲ ይህን ሲሰማ ደነገጠ፤ በዚህ ተውኔት ጥቁር የሚለብስ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እርሱም ሐምሌት። ነጭ ለበሰች። በግለ ታሪኳ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋ እየሳቀች ታልፈዋለች። እኔ ግን እዚህ ላይ እቆማለሁ። ኦፊልያ በዚያ ትዕይንት አባቷ የተገደለባት ልጅ ናት፤ ጥቁሩ የሐዘን ልብስ ነው፣ ከዚያም አልፎ ሁለቱን አባት የተነጠቁ ልጆች፣ እርሷንና ሐምሌትን፣ ጎን ለጎን ያቆማቸው ነበር። ጠንካራ ትርጓሜ ነበር፤ የወደቀውም የዋናውን ተዋናይ፣ የኧርቪንግን፣ ጥቁር ልብስ ስለሚሻማ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ከአራተኛው ገቢር በኋላ የተሳካላት ስላልመሰላት መጨረሻውን ሳትጠብቅ ወጥታ ሄደች። ኧርቪንግ አብረው የሚጫወቱባቸውን ትዕይንቶች እንዲለማመዱ ደጋግማ ብትጠይቀውም አልሆነም ነበር።

በ1888 መጨረሻ የተጫወተቻት ሌዲ ማክቤዝ ደግሞ ተቺዎችን ለሁለት ከፈለች። ብዙዎች የጠበቁት አስፈሪ ሴት ነበር፤ እርሷ ያቀረበችው ባሏን የምትወድ፣ ለእርሱ ስትል የምትጠፋ ሚስት ነው። ለዚህ ሐሳብ በቅጂዋ ኅዳግ ላይ በእጇ የጻፈቻቸው ማስታወሻዎች ምስክር ናቸው። ዛሬ ስለዚያ ዝግጅት የሚታወሰው ግን በእውነተኛ የጥንዚዛ ክንፍ ያጌጠው አረንጓዴ ቀሚስና ጆን ሲንገር ሳርጀንት በ1889 የሠራው ሥዕል ነው። በሥዕሉ ላይ ሌዲ ማክቤዝ በሁለት እጇ ዘውድ ወደ ራሷ ስታነሣ ትታያለች። እንዲህ ያለ ትዕይንት በተውኔቱ ውስጥ የለም። ሠዓሊው የፈጠረው ሥልጣን የጠማት ሴት አቋም፣ ተዋናይቷ ከተከራከረችለት ትርጓሜ ጋር ይጋጫል። ሥዕሉን እወደዋለሁ፤ እንደ ትወናዋ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ግን ስሕተት ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጨው የሼክስፒሯ ሮዛሊንድ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ ከተጻፉ ሴት ገጸ ባሕርያት ለቴሪ እንደ ሮዛሊንድ የምትስማማ አልነበረችም፤ ኧርቪንግ ለራሱ የሚሆን ትልቅ ቦታ የሌለበትን የሮዛሊንድን ተውኔት ስላላዘጋጀው ግን አንድም ቀን አልተጫወተቻትም። የቴሪና የኧርቪንግ የሁለት ዐሥርት ዓመታት የመድረክ ጥምረት እየተባለ የሚወደሰው ታሪክ ይህን ሒሳብ ውስጥ አያስገባም።

እርግጥ ግለ ታሪኩ ራሱ ለመጋረዱ አስተዋጽኦ አድርጓል። ቅደም ተከተሉ የላላ፣ ጨዋታው የበዛ፣ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ነው። ቨርጂኒያ ዉልፍም በ1941 በጻፈችው መጣጥፍ የተበታተኑ የሥዕል ንድፎች ስብስብ አድርጋ አይታዋለች። የቴሪ ሐሳብ ያለ መሸማቀቅ የሚናገረው ከኧርቪንግ ሞት በኋላ፣ ከ1910 ጀምሮ በአሜሪካ፣ ኋላም በአውስትራሊያ ባደረገቻቸው ንግግሮች ነው። ድል ስለሚያደርጉ ሴቶች፣ ስለሚያሳዝኑ ሴቶች፣ ስለ ሕፃናቱና በተውኔቶቹ ውስጥ ስላሉት ደብዳቤዎች ትናገራለች። የሼክስፒርን ሴቶች ደፋርና ብልህ አድርጋ ስታነብ፣ ስለ ሴቶች መብት በሚሟገተው ዘመኗ ላይ ዓይኗን አልጨፈነችም።

ኧርቪንግ በ1895 የባላባትነት ማዕረግ ሲሰጠው፣ እርሷ የአቻውን ክብር ያገኘችው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1925 ነው። በ1928 በኬንት በሚገኘው የስሞልሃይዝ ቤቷ ዐረፈች፤ ንግግሮቿ መጽሐፍ ሆነው የወጡት በ1932፣ ካረፈች ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ስለ ኤለን ቴሪ መጻፍም ሆነ ትወናን ማስተማር የሚፈልግ ሰው የሳርጀንትን ሥዕል ከማየቱ በፊት እነዚህን አራት ንግግሮች ያንብብ።