«ድፍረት»፦ እውነተኛ ታሪክ፣ ግማሽ ልጅ

ፊልም ላይ መኪና ወደፊት እየሄደ ጎማው ወደኋላ ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፊልም ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 24 ፎቶ ያነሳል። የቸርኬው ዘንጎች ደግሞ ይመሳሰላሉ። አንዱ ዘንግ ከፊቱ የነበረው ዘንግ ቦታ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ቀጣዩ ፎቶ ከተነሳ፣ ዓይናችን «ወደኋላ ተመለሰ» ብሎ ያነበዋል። ልብ በሉ፦ እያንዳንዱ ፎቶ እውነት ነው። ውሸቱ የሚመጣው በፎቶዎቹ መካከል ካመለጠን ነገር ነው።

«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ፊልም ስታዩም ይህንኑ ጠይቁ። ካሜራው የትኛውን ሰዓት ያዘ? የትኛውን ዘለለ?

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪን «ድፍረት» እንውሰድ። ታሪኩ ለአዳማ ልጆች ሩቅ አይደለም፤ አርሲ ውስጥ ነው የተፈጸመው። እ.ኤ.አ. በ1996 የ14 ዓመቷ አበራሽ በቀለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ተከራከረችላት፤ ፍርድ ቤቱም ራስን መከላከል ነው ብሎ ነፃ አወጣት። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል።

ጥንካሬው የማይካድ ነው። ርዕሱ ራሱ ሁለት ስለት አለው፤ ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ እንደ ጭራቅ አልተሳሉም፤ ረጋ ብለው፣ በሥርዓት ነው የሚናገሩት። የሚያስፈራውም እሱ ነው፦ ስለ ልጅቷ የሚወሰነው ልጅቷ በሌለችበት ነው። በዚያ ላይ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው።

ግን እስቲ የተዘለለውን ቁጠሩ። ጠበቃዋ ከመጣች በኋላ ካሜራው በአብዛኛው የሚከተለው እሷን ነው፦ ፖሊስ ጣቢያ፣ ቢሮ፣ ፍርድ ቤት። «ሂሩት» የተባለችው ልጅ (ትዝታ ሐገሬ በጣም ጥሩ ተጫውታታለች) እንድትጠብቅ፣ እንድትፈራ፣ እንድትድን ተደርጋለች። ከጠለፋው በፊት የነበረው ተራ ቀኗ ግን በጣም አጭር ነው። ከጓደኞቿ ጋር በምን ትስቅ ነበር? ምን ያሰለቻት ነበር? ጉዳዩን እናውቃለን፤ ልጅቷን ብዙም አናውቃትም።

ቋንቋውም አለ። በአርሲ ገጠር ቤትና ሜዳ የሚሰማው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ፊልሙ ግን በአማርኛ ነው የተሠራው። አዳማ፣ ሞጆ ወይም ባቱ ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ወዲያው ትሰሙታላችሁ፤ እናንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ትቀላቅላላችሁና። ልጅ የሚቆጣበትና የሚቀልድበት ቋንቋ ሲቀየር፣ ልጁም በከፊል ይቀየራል።

ማወዳደሪያ ይሁናችሁ፦ ፍራንሷ ትሩፎ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ አንድ ታዳጊ በሥነ ልቦና ባለሙያ ይጠየቃል። ጠያቂዋ አትታይም፤ ድምጿ ብቻ ነው የሚሰማው። ካሜራው ልጁ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ተዋናዩም በራሱ ቃል ነው የሚመልሰው። «ድፍረት» ይህን ዓይነት ደቂቃ ለሂሩት ቢሰጣት ምን ትነግረን ነበር?

ጥያቄው የውበት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 አዲስ አበባ ላይ ፊልሙ ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ አበራሽ ታሪኩ የእኔ ነው ብላ ተከራክራ ነበርና። ለሷ ድምፅ ሊሆን የተሠራው ፊልም ስሟን አልያዘም ነበር።

ስለዚህ ፊልሙን እዩት፤ መታየት ያለበት ፊልም ነው። ጠበቃዋ ከክፍሉ በወጣች ቁጥር ግን «አሁን ልጅቷ ምን እያደረገች ነው?» በሉ። በስልካችሁ የሰፈራችሁን ልጆች ሕይወት ልትቀርጹ ካሰባችሁም፣ ከጠቡና ከለቅሶው ባልተናነሰ ምንም ያልተፈጠረበትን ከሰዓት በኋላ ቅረጹ። ያን ጊዜ ነው ባለታሪኩ ማን እንደሆነ የምናውቀው።