መርዶ ነጋሪው ልብወለድ

‹‹ምን እያነበብክ ነው?››

እኛ ዳምቦያ ያለን ሰዎች ይቺን ጥያቄ የምንጠያየቀው ‹‹ቤተሰብ ደህና? ዝናቡስ እንዴት ነው?›› ከተባባልን በኋላ ነው። ሁሉም ሰው ይጠይቃል ማለቴ አይደለም። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የምንገናኝ አምስት ስድስት ሰዎች ነን፤ ሁለቱ መምህራን፣ አንዱ ነጋዴ፣ ሌሎቻችን እንዲሁ ወሬ የምንወድ። ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስናገኝ ገንዘብ አዋጥተን መጽሐፍ እናስገዛለን። የመጣችው አንዲት ቅጂ እንግዲህ እንደ ዕቁብ በተራ ነው የምትደርሰን። አምስተኛው ሰው ጋ ስትደርስ ሽፋኗ በፕላስተር ተጣብቆ፣ ጠርዟ እንደ አሮጌ ብር ለስልሶ፣ መሐሏ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞባት ነው። አንዳንዴም ጭራሽ አትደርስም።

መጽሐፍ በመዋዋስ አንታማም። የምንታማው በአጠቋቆማችን ነው።

‹‹እሷ መጽሐፍ እንዳታመልጥህ! በአንድ ቁጭታ ነው የጨረስኳት!››

‹‹ስለ ምንድነው?››

‹‹አንብባት ብዬሃለሁ እኮ!››

አለቀ። ቁርጥ ቤት የምንጠቁመውና መጽሐፍ የምንጠቁመው በአንድ ቋንቋ ነው። መጽሐፉ ጨለማ የበዛበት ከሆነማ ጭራሽ ጉራ ይጨመርበታል፤ ‹‹ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም››፣ ‹‹ልብ ካለህ ሞክረው›› እንባባላለን። ከሁሉም የባስኩት እኔ ነበርኩ። ጨለማ ልብወለድ እወዳለሁ፤ የምወደውንም ሳልመርጥ ላገኘሁት ሁሉ አድላለሁ።

አመሉ የጀመረኝ በሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰብ ነበር። እናቴ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነበርና ከሬዲዮው እየተሻማሁ በከምባትኛ የምነግራት እኔ ነበርኩ። የምትሞት ገጸ ባህሪ ስትመጣ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። ለምን እንደማደርገው ያኔ አላውቅም።

እስቲ ስለ ዘሩ ትንሽ እንበል። ፈረንጆች ‹‹ጎቲክ›› ለሚሉት ልብወለድ መነሻ የሚያደርጉት በነሱ አቆጣጠር 1764 ሆራስ ዋልፖል የተባለ እንግሊዛዊ ያሳተመውን ‹‹የኦትራንቶ ግንብ›› ነው። የሚገርመው፣ ከዚያ 5 ዓመት ቀደም ብሎ የአገሩ ሰው ሳሙኤል ጆንሰን የእኛኑ የሐበሻ ልዑል ‹‹ራሴላስ››ን በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ዘግቶ መጽሐፍ ጽፎበታል። የተዘጋ ቦታ ሲያስፈልጋቸው እኛ ትዝ አልናቸው ማለት ነው! ከዚያ በኋላ በ1818 የሜሪ ሼሊ ‹‹ፍራንከንስታይን››፣ በ1847 የሻርሎት ብሮንቴ ‹‹ጄን ኤር››፣ በ1897 ደግሞ፣ አድዋ ላይ ድል ባደረግን በዓመቱ፣ የብራም ስቶከር ‹‹ድራኩላ›› ተከተሉ። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አጥንቱ ግን አንድ ነው። አንድ ቤት አለ። ቤቱ ውስጥ የተዘጋ በር አለ። ከበሩ ጀርባ ደግሞ ትልልቆቹ የሠሩትና ልጆች የሚከፍሉበት ነገር አለ። ዕዳ የሌለበት ሙት መንፈስ ጩኸት ብቻ ነው፤ ቢያስደነግጥ ለአፍታ ነው።

ጨለማ መጽሐፍ የሚጠቁም ሰው በእኛ አካባቢ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ይገጥመዋል። አንደኛው ከጸሎት ሰዎች ነው፤ ‹‹እንዲህ ያለውን ማንበብ መንፈስ ይረብሻል›› ይላሉ። አከብራቸዋለሁ። ግን መጽሐፈ ኢዮብን ማን ነው ከመካከል ያስቀመጠው? ሰቆቃወ ኤርምያስንስ? ሁለተኛው ‹‹ኑሮአችን ራሱ ጨለማ ነው፣ ለምን በገንዘባችን ጨለማ እንገዛለን?›› የሚሉት ናቸው። ለእነዚህ መልሴ ነቢይ መኮንን ነበር። በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ልብወለድ፣ ጦርነትና ቃጠሎ ሀብትን፣ ቤትንና ፍቅርን የሚበሉበትን ታሪክ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀቱ ከእስር ቤት በድብቅ ወጥቶ ‹‹ነገም ሌላ ቀን ነው›› ተብሎ ታተመ። እስረኛ እንኳ የሌላ ሰው ጨለማ አይበዛበትም፤ እንዲያውም ያካፍላል፤ እያልኩ በረንዳው ላይ እከራከር ነበር።

ክርክሩ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ ነገሩ ቤታችን ድረስ መጣ።

ከምባታና ሀዲያን የሚያውቅ ሰው የደቡብ አፍሪካን መንገድ ያውቃል። በሬ ይሸጣል፣ መሬት ይያዛል፣ ደላላ ይከፈላል፤ ልጅ በኬንያ አድርጎ ወደ ታች ይጓዛል። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። ታኅሣሥ 2015 ሉሳካ ዳርቻ፣ ዛምቢያ ውስጥ፣ 27 አስከሬኖች መንገድ ዳር ተጥለው ተገኙ። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር እዚህ ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል። ብዙዎቹ ሞቶች ግን ዜናም አይሆኑም፤ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ይደውላል፣ በቃ።

የሰፈራችን ልጅ ነበር። ስልኩ የተደወለው ለአጎቱ ልጅ፣ ሌሊት ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ያልሰሙት እናቱ ብቻ ነበሩ። ባህላችን ነው፤ መርዶ እንዲሁ ዘሎ አይነገርም፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ሽማግሌ እስኪመረጥ ይደበቃል። እኛ በረንዳው ላይ ነን። እናቱ ከገበያ ሲመለሱ ‹‹እንዴት ዋላችሁ ልጆች?›› ይሉናል። ብድግ ብለን ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?›› እንላለን። ሲያልፉ ማንም ማንንም አያይም።

በዚያች ሳምንት የመጠቆም ተራው የእኔ ነበር። ‹‹አንድ ትልቅ ቤት አለ፤ ቤቱ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ ለአንዷ ሴት ብቻ ያልተነገራት ምስጢር…›› ብዬ ስጀምር መምህሩ ወዳጄ ‹‹እስቲ ተወን›› አለኝ። ተውኩ። መጽሐፉ ውስጥ ነበርና የተቀመጥነው!

ሽማግሌዎቹ አንድ ማለዳ፣ ጎህ ሳይቀድ ሄደው አረዷቸው። አስከሬን አልመጣም። ፎቶግራፉ ተቀምጦ ተለቀሰ።

ከለቅሶው በኋላ፣ ትንሽ ሰንበት ብሎ፣ ታናሽ እህቱ ቤቴ መጣች። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነች። ‹‹ጋሼ፣ የሚነበብ ነገር አለዎት?›› አለችኝ። ያ ሁሉ የጨለማ ጠበቃነቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ፈራሁ። ከመደርደሪያዬ ላይ ያነሳሁላት ከእነዚያ ‹‹ራስህን ለውጥ››፣ ‹‹አስብና ደስ ይበልህ›› ከሚሉት የሥነ ልቦና መጻሕፍት አንዱን ነው። በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ።

‹‹ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ማንም ሞቶበት አያውቅም መሰለኝ።››

ከዚህ የሚበልጥ ሒስ በዚያ መጽሐፍ ላይ የሚጻፍ አይመስለኝም። የኢዮብ ወዳጆች ትዝ አሉኝ። ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ነበሩ፤ የተበላሹት አፋቸውን ከፍተው ምክር ሲጀምሩ ነው። አፌን ዘግቼ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን ሰጠኋት። ‹‹ከባድ ነው፤ መጨረሻው ሞት ነው፤ ካልሆነልሽ አቁሚው›› አልኳት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ በሥርዓት ጠቆምኩ።

ብዙ ቆየች። ስትመልስልኝ በረንዳዬ ላይ ቆማ ሽፋኑን እያየች፣

‹‹እነሱስ መቃብር አላቸው›› አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን እንደገና አነበብኩት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ይኼ ልብወለድ ‹‹የፍቅር ታሪክ›› እየተባለ ነው የሚጠቆመው። የተዘጋውን በር ልብ ያለው ስንቱ ነው? የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ለዘሯ የሚመጥን ባል ጠፋ ተብሎ ሴት ልጅ የምትዘጋበት ግንብ ነው። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ እንዲኖርላቸው ብለው የተሳሉት ስለት ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል፤ ትልልቆቹ ተሳሉ፣ ልጁ ከፈለ። የዋልፖል ግንብ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ጎጃም ውስጥ አለ፤ ያውም ያለ ሙት መንፈስ።

ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ‹‹ጄን ኤር›› ውስጥ ላይኛው ፎቅ ላይ የተደበቀችው ሚስት እስከ ሠርጉ ቀን ድረስ ከእኛም ትደበቃለች። በፈረንጁ ጎቲክ አንባቢው ያልተነገራት እናት ነው። በእኛ ልብወለድ አንባቢው የሚያውቀው ጎረቤት ነው። ሐዲስ መቃብሩን ሽፋኑ ላይ ጽፈውልናል! የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ‹‹ሌቱም አይነጋልኝ›› እንደማይነጋ ከርእሱ ያውጃል። የበዓሉ ግርማ ‹‹ኦሮማይ›› ከጣሊያንኛ የመጣ የአስመራ ቃል ነው፤ አበቃ፣ አለቀ ማለት ነው። ሦስቱም መጨረሻውን አስቀድመው ይነግሩንና ሰዎቹ ሳያውቁ ሲስቁ፣ ሲያፈቅሩ፣ ለነገ ሲያቅዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እንድናይ ያደርጉናል። ‹‹ምን ይመጣል?›› ከሚለው ፍርሃት ይልቅ ‹‹እንዴት ይነገራቸዋል?›› የሚለው ይከብዳል። ያንን እኛ ከለቅሶ ቤት እናውቀዋለን።

ስለዚህ የእኛን ጨለማ ልብወለድ የምመዝንበት አዲስ ሚዛን አገኘሁ፤ መርዶ መንገር ያውቅበታል ወይ? መጥፎ መርዶ ነጋሪ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በር ላይ ቆሞ ይጮኻል፣ ሌላው እያባበለ እስከ መጨረሻው ይዋሻል። የጩኸቱ ዓይነት በየገጹ ደም የሚያፈሰው ነው። የውሸቱን ዓይነት ልጅቷ በሦስት ቀን ለይታዋለች። ሐዲስ በረጅሙ ያወራሉ፣ ጉዱ ካሣ ብዙ ጊዜ ሰባኪ ይሆንባቸዋል፤ በወጣትነቴ ‹‹ምነው ባሳጠሩት›› እል ነበር። አሁን ግን ሽማግሌ መርዶ ሊያወራ ሲሄድ ዙሪያውን ዞሮ እንደሚገባ ሳስብ ርዝመቱ ገባኝ። ሁሉንም ስብከት ይቅር አልላቸውም፤ መንገዱን ግን ይቅር እላለሁ።

‹‹ኦሮማይ››ን ለልጅቷ አላዋስኳትም። ከሦስቱ የጨለመው እሱ ይመስለኛል፤ የጨለመውም ገጾቹ ውስጥ ብቻ አይደለም። በዓሉ በቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ላይ ያየውን ይዞ በ1975 ጻፈው፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። አስከሬኑ አልተገኘም። በፈረንጆቹ 2025 ‹‹ኦሮማይ›› በእንግሊዝኛ ታትሞ ዓለም ሲያነበው ደራሲው ገና መቃብር አልነበረውም። ልጅቷ ያለችውን ሰምቼ ይኼን መጽሐፍ እንዴት እሰጣታለሁ? አንድ ቀን ራሷ ትጠይቀኛለች፤ ያኔ እሰጣታለሁ። መጠቆም ማለት መጽሐፉን ማወቅ ብቻ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ሰዓቱን ማወቅም ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ላብቃ። ከዳምቦያ እስከ ሆሳዕና በመኪና ስትሄዱ ከመንገዱ ዳርና ዳር አዳዲስ የብሎኬት ቤቶች ታያላችሁ። መስኮታቸው ባለ መስታወት፣ በራቸው ብረት፣ በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ። ባለቤታቸው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ቁልፉ እናቱ ጋ ነው፤ እናቱ የሚኖሩት ከጀርባ፣ እንሰቱ መሐል ባለችው አሮጌ ጎጆ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍተው ጠርገው ይዘጉታል። ሙት መንፈስ የለበትም፤ ሰውም የለበትም። ቤት አለ፣ የተዘጋ በር አለ፣ ከበሩ ጀርባ የተሸጠ በሬና የተላከ ልጅ አለ። ዋልፖል ይኼን ቢያገኝ ግንብ ፍለጋ ጣሊያን ድረስ ባልሄደ ነበር።

ያንን በር የከፈተ የአማርኛ፣ የከምባትኛ ወይም የሀድይኛ ልብወለድ እስካሁን እጄ አልገባም። እናንተስ፣ ምን እያነበባችሁ ነው? ያገኘው ሰው ካለ ያውሰኝ። እመልሳለሁ።