ለመሬት የተዘራ ግብጦ

አማኑኤል ዳር ጓሮ የጀመረ አንድ ወጣት ሰሞኑን አጥሬን ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ ይህን የመሰለ ግብጦ ፍሬ ሳይይዝ ያጭዱታል? ትንሽ ቢታገሡት ምርቱንም አፈሩንም ያገኙ የለም ወይ?» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲሁ ነው። እኔ ግን በዚህ ነገር አልደራደርም። ለአፈር የተዘራ ግብጦ ፍሬ ማየት የለበትም።

ግብጦ ከአየር ያገኘውን ናይትሮጅን እስከ አበባ ድረስ በቅጠሉና በለስላሳ ግንዱ ይዞ ይቆያል። እሸት ሲያዝል ግን ያለውን ወደ ፍሬው ይልካል፤ ግንዱም ይጠነክራል። ፍሬውን ለቅመህ የተረፈውን ብትገለብጥ ለመሬቱ የደረሰው የደኸየ ጭራሮ ነው። ስለዚህ አበባው ሲቃረብ አንድ ሁለት ተክል ነቅዬ በሥሩ ላይ ያለውን እባጭ በጥፍሬ እሰነጥቃለሁ። ውስጡ ከቀላ ሥራ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ቅላቱ ሳይጠፋ ማጭድ አነሣለሁ።

የታጨደውን ትንሽ አጠውልጌ ከስንዝር ባልበለጠ ጥልቀት እገለብጠዋለሁ። ጠልቆ የተቀበረ አየር አጥቶ ይሸታል እንጂ በወጉ አይበሰብስም። በመደቡ ላይ ቀጥዬ የምተክለው ነጭ ሽንኩርት የሚገባው ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ዝናቡ ሳይወጣ ገልብጡ የምለውም ለዚህ ነው፤ በደረቅ አፈር ብስባሽ አይገኝም።

የዩሪያ ወዳጆች በዚህ ድካሜ ይገረማሉ። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ ለበቆሎ ፈጥኖ መድረሱን አልክድም። የወረዳችን የማቻከል ቀይ አፈር ችግር ግን ናይትሮጅን ብቻ አይደለም። በዝናብ ታጥቦ ኮምጥጧል፤ ፎስፈረሱንም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አስሮ ይዞታል። ነጩ ግብጦ ተጠጋግተው ከሚወጡ ቀጫጭን ሥሮቹ አሲድ አመንጭቶ ይህን የታሰረ ፎስፈረስ ይፈታዋል። ዩሪያ ይህን አያደርግም፤ ሲደጋገም ኮምጣጣነቱን ያብሳል። ኖራ ኮምጣጣነቱን ያበርዳል፤ ብስባሽ ግን አይሆንም።

የጎደለን ደግሞ ብስባሹ ነው። ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ገለባው ለከብት ይከመራል። ማሳ ላይ የቀረውንም ልቅ የተለቀቀ ከብት ይጨርሰዋል። ታዲያ ለመሬቱ ምን ተረፈ? የግብጦ ምሬት የሚመሰገነው እዚህ ላይ ነው፤ ከብት አይደፍረውም። አንዳሳ ያሉ የእንስሳት ተመራማሪዎች የሠሩበት ጣፋጭ ግብጦ አለ። ለመኖ መልካም ነው፤ እኔ ጓሮ ግን አይገባም። አጥር ለሌለው ገበሬ ምሬቱ አጥሩ ነው።

ይህን ምክር ለሁሉም መሬት አልሰጥም። ቢቸና ያለ ዘመዴን ግብጦ ዝራ አልለውም። የዚያ አገር መረሬ አፈር ውሃ ይቋጥራል፤ ግብጦ ቢጫ ይሆንበታል። እዚያ በመስከረም፣ አፈሩ በቋጠረው እርጥበት የሚበቅሉት ጓያና ሽምብራ ናቸው። ግብጦ የእኛ የቀይ አፈር ሰዎች ሀብት ነው። ሮማዊው የግብርና ጸሐፊ ኮሉሜላ በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብጦን ለደከመ መሬት ማዳበሪያነት አሞግሶታል። የጎጃም ገበሬም ኮሉሜላን ሳያነብ የደከመ ማሳውን በግብጦ ሲያሳርፍ ኖሯል።

እናቴ ግብጦ ቆልታ፣ ከክታ፣ በጆንያ አድርጋ ምሬቱ እስኪወጣ ድረስ ለቀናት ወራጅ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈው ነበር። ክረምቱ ሲረዝምና ጎተራው ሲጎድል የበላነው እሱን ነው። ስለዚህ ሊያፈራ የተቃረበ ግብጦ ማጨድ ለእኔም ልብ ይከብዳል። ለዘርና ለመብል የሚሆነውን ጥግ ላይ ለብቻው እዘራለሁ፤ የመሬቱን ድርሻ ግን አልነካም። አባቶቻችን ከዚህ አፈር በልተዋል፤ እኛም እየበላን ነው። መላሽ ግን ጥቂት ነው። እኔ በየክረምቱ አንድ መደብ ለአፈሩ ብቻ የምዘራው፣ ከእኔ በኋላ የሚያርሰው ሰው እኔ ከተረከብሁት የተሻለ መሬት እንዲረከብ ብዬ ነው።